ሰማንያ ጊዜ አዎ

ሐሙስ ጠዋት የአንድ ባለሱቅ ሬዲዮ ሆዱን ከፍቼ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከጎኔ ባለው ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች በአንዲት አሮጊት "የእኛ ናቸው"፣ "የለም፣ የእኛ ናቸው" እየተባባሉ ሲጣሉ ሰማሁ። በዚህ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ሰው በውሃ መስመር ሲጣላ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ሲጣላ፣ በባል ሲጣላ ሰምቻለሁ። በአሮጊት የሚነሳውንም ጠብ አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ "የአንተ ናቸው"፣ "የለም፣ የአንቺ ናቸው" የሚል ነው። "የእኛ ናቸው" ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ገና የመጀመሪያዬ ነው።

አሮጊቷን እትዬ እላቸዋለሁ። የሚለየን ግድግዳ የአንድ ጡብ ውፍረት ስለሆነ ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ሳስልም ይሰማሉ። የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ልጅቷ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቷ በሕይወት እስካሉ ድረስ ግን ለሕንፃው ሰው ሁሉ "ልጅቷ" ናት፣ እሷም ለምዳዋለች። ዘጠኝ ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ላውንድሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። እትዬን ካቻምና ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸውን አዛለው፤ ምላሳቸው ላይ የነበረውንም ሁሉ ጠራርጎ ወሰደና አንዲት ቃል ብቻ ተወላቸው፦ አዎ። ውሃ ትፈልጊያለሽ ሲባሉ አዎ፣ ጠጥተሻል ሲባሉ አዎ፣ በረደሽ ወይስ ሞቀሽ ሲባሉም አዎ። የሚገርመው፣ ደህና በነበሩ ጊዜ እትዬ የ"አይሆንም" ሰው ነበሩ። አከራዩ ኪራይ ልጨምር ብሎ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚልከው እሳቸውን ነበር። በተለይ ቤት ለቤት የሚዞር ሰባኪ ከመጣባቸው "እኔ የተጠመቅሁበት ቤተ ክርስቲያን አልፈረሰብኝም" ይሉና በሩን አፍንጫው ላይ ይዘጉበታል። ሲዘጉት የእኔ መስኮት ይንቀጠቀጣል። እኔም ከውስጥ ሆኜ እስቃለሁ፤ ቀጥሎ የሚንኳኳው የእኔ በር ነውና ሳቄ ረጅም አልነበረም።

አልጋቸው ላይ ተኝተው ቢውሉ ነገሩ ባልከፋ። ግን ይነሳሉ። ወንበር እየገፉ፣ ግድግዳ እየታከኩ ይወጡና ወደ ደረጃው ይሄዳሉ። ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠየቁ ያው መልሳቸው አንድ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን በሌሊት ልብሳቸው፣ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ ሰቅለው፣ ሌላው ወለሉ ላይ ቀርቶባቸው ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ አገኘናቸው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ እናቷን የምትጠብቅ ሴት አፈላለገች። የተገኘችው ሴት የጠየቀችው የልጅቷን ደሞዝ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ምሳዋን ሳይጨምር። ወንድም አላት፣ ሾፌር ነው። እሁድ እሁድ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ጉልበቱን ገጥሞ አልጋው ጫፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ እናቱ ያዩታል፣ እሱ ስልኩን ያያል፣ እህቱ ብርቱካን ትልጣለች። "የጎደለ ነገር አለ?" የሚለው ጫማውን አስሮ፣ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ካወጣ በኋላ ነው።

ልጅቷን ከዚህ ያወጧት ሰባኪዎቹ ናቸው። ማውጣት ከተባለ። አንድ ጠዋት ረፍዶባት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ሁለት ሰባኪዎች፣ ባልና ሚስት፣ በር ላይ ቆመው አገኘች። ከመጨነቋ የተነሳ ይመስለኛል፣ "ግቡ፣ እናቴ ቃሉን ትወዳለች፣ እኔ ግን ሥራ አለብኝ" ብላቸው ሮጠች። ስድስት ሰዓት ላይ ልቧ ቆሞ ስትመለስ አሁንም እዚያው ናቸው። እትዬ ትራስ ተደግፈው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ ተቀምጠዋል፤ ባልየው ቀይ ብዕር ይዞ መጽሔት ላይ ያሰምራል። ትምህርቱ እንዴት ሆነ ብትለው፣ እንዲህ ዓይነት ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፣ በሁሉም ነገር ተስማምተዋል አላት። ሰውየው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ሁለቱን በመስመር አስተካክሎ፣ በካልሲው ይገባል። በማኅበራቸው ደንብ በወር ይህን ያህል ሰዓት ሰብኬያለሁ ብሎ ወረቀት መሙላት አለበት፤ ከፎቅ ፎቅ እየወጡ በር ከሚዘጋባቸው ይልቅ አንድ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ፣ አዎ ከሚል ሰው ጋር ሰዓቱን መሙላት ለነሱም አልከፋቸውም። ሚስቱ ዝምተኛ ናት። ቴርሞስ ይዛ ትመጣለች፣ እትዬ ሲርሳቸው አንሶላ ትቀይራለች፣ ይህን ስለማድረጓም አታወራም።

የሌላ ጸሎት ቤት ዘማሪዎች መጥተው ያንኳኩት ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። እነሱም ሁለት ናቸው፤ አንዷ ወፈር ያለች፣ ጠዋት ገበያ ላይ ሽንኩርት በጅምላ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ለመዝሙርም ለሽንኩርትም የማያንስ ሴት ናት። ሌላዋ ቀጭን ናት፣ ሥራዋ ማልቀስ ነው። ቶሎ ያስለቅሳታል፤ እኔን እንኳ አንድ ቀን ብየዳ ስበይድ አይታ አልቅሳለች። እነሱ የሚያስተምሩት በመጽሔት አይደለም። ይዘምራሉ፣ እጅ ይጭናሉ፣ የእትዬን ጥፍር ይቆርጣሉ። ሽንኩርቷ የሚያልቀው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ልጅቷ ጠዋቱን ለባልና ሚስቱ፣ ከሰዓቱን ለዘማሪዎቹ ሰጠቻቸው። በመሃል፣ በምሳ ሰዓት፣ እሷ ራሷ እየሮጠች ትመጣና እናቷን ሾርባ ታጠጣለች። በዚያው የአስተማሪውን የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው አውርዳ ከፍራሹ ሥር ትከታለች፣ የዘማሪዎቹን ጥቅስ ያለበትን ሰሌዳ በዚያው ምስማር ላይ ትሰቅላለች። ማታ ደግሞ መልሳ ትቀያይራቸዋለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለአራት ወር ያህል እንዲህ ሠራች። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ተረኛ ሲቀያየር አያለሁ። "ዛሬ ደግሞ የትኛው ሃይማኖት ላይ ነን?" እላታለሁ፤ ጣቷን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ ትስቃለች። ቀልዱ የሁለታችን ነበር።

አንዳንድ ቀን ግን አንዱ ወገን ይቀራል። አስተማሪው ጉንፋን ይይዘዋል፣ ሽንኩርቷ ሳያልቅ ይመሻል። ያን ቀን ልጅቷ ከሥራ ትቀራለች። በዚያ ወር ሦስት ቀን ቀርታለች፣ ባለላውንድሪውም ሦስቱንም ቀን በጣቱ ቆጥሮ አሳይቷታል። አራተኛው ጣት ከታጠፈ ሌላ ሰው እንደሚያስገባ ነግሯታል። ይህን የነገረችኝ ያን ሐሙስ ጠዋት ነው፣ እናቷን አጥባ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ አስራ፣ የእርጥብ ፎጣዎቹን ባልዲ በረንዳው ላይ ስታስቀምጥ። የአንድ ትልቅ ሆቴል አንሶላ መጥቷል አለችኝ፤ ሁለት መቶ አርባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተተኩሶ፣ ታጥፎ መሄድ አለበት። እጇን አየሁት። የቀኝ እጇ ጀርባ ከእንፋሎቱ የተነሳ እንደ ተላጠ ድንች ነው። ባልና ሚስቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ፣ ጫማው በመስመር ተቀመጠ፣ እሷም ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ላውንድሪው ውስጥ አንድ ጊዜ ሸሚዜን ልወስድ ገብቼ አውቃለሁ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ መስኮቱ ለመንገዱ ሰው እንጂ ለአየር የተሠራ አይደለም። አራት ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ይተኩሳሉ፤ የካውያዎቹ ገመድ ከላይ ስለተንጠለጠለ ከሩቅ ሲታዩ እነሱ ራሳቸው ከጣሪያው የተሰቀሉ ይመስላሉ። መቀመጫ የለም። ባለቤቱ ደንበኛ ፊት ደህና ሰው ነው፣ ሴቶቹን "እህቴ፣ እህቴ" ይላቸዋል። አንድ ጊዜ አንዷ ስልክ ስታወራ የጠረጴዛ ልብስ አቃጥላበት ስለነበር፣ ጠዋት ሲገቡ ስልካቸውን ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል። ልጅቷን የሚፈልግ ሰው የሚደውለው ለሱ ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ዘማሪዎቹ ሲመጡ አየሁ። በጠዋት መጥተው አያውቁም። ሽንኩርት ነጋዴዋ ዛሬ ገበያ አልወጣችም፤ የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር አንጠልጥላለች። ቀጭኗ ገና ደረጃው ላይ ማልቀስ ጀምራለች፣ ግን የደስታ ነው። ምነው በጠዋቱ ብላቸው፣ እሁድ የእማማ ጥምቀት ነው አለችኝ ወፍራሟ፣ ነጭ ቀሚስ ስለምናሰፋላቸው ልንለካቸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እችል ነበር። እትዬ ተኝተዋል፣ ከሰዓት ኑ፣ ብል ይበቃ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማየት ፈለግሁ። በረንዳ ላይ የሚውል ሰው ጨዋታ ይወዳል።

በሩ ተከፈተ፣ አስተማሪውም ክፍል ውስጥ በሚያስተምርበት ድምፁ "ማንን ፈለጋችሁ?" አለ። እናታችንን ነው አለች ዘማሪዋ፣ አንተስ ማን ነህ? የእናታችን አስተማሪ ነኝ። ኋላ ልጅቷ ስትነግረኝ እንደተረዳሁት አስተማሪው ያን ዕለት ባዶ እጁን አልነበረም። በነሱ ዘንድ ሰው ከመጠመቁ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፤ ሰማንያ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ሰማንያውንም አንድ በአንድ ጠይቋቸው፣ ሰማንያውንም አዎ ብለው መልሰውለት፣ ፊት ለፊቱ ቀይ ምልክት አድርጎ፣ ወረቀቱን ለማኅበሩ ሊያስገባ ነበር። ዘማሪዋም በበኩሏ እማማ ረቡዕ ዕለት እጇን ይዘው በአፋቸው ጌታን እንደተቀበሉ መስክረዋል፣ ምስክሯም ይችው ናት አለችው። ቀጭኗ መሰከረች፣ ማለትም አለቀሰች።

እንግዲህ የሰማሁት ጠብ ይሄ ነው። መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ነበር፤ "ወንድሜ"፣ "እህቴ" ይባባሉ ነበር። ከዚያ ጥቅስ መጣ። አስተማሪው ቁጥሩን ጠርቶ ሳይጨርስ ዘማሪዋ ሌላ ቁጥር ታስቀድምበታለች። ሰው ከሞተ በኋላ ነፍሱ ትተኛለች ወይስ ያኔውኑ ትሄዳለች በሚለው ላይ ብዙ ቆዩ፤ ስለ ሞት ይህን ሁሉ ሲነጋገሩ በመሃላቸው የተቀመጡት የሰባ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት ናቸው። ነገሩ አልፈታ ሲል ራሳቸውን እንጠይቅ ተባለ። "እናታችን፣ ሰማንያውን ጥያቄ ከእኛ ጋር መልሰዋል አይደል?" አለ አስተማሪው። "አዎ" አሉ እትዬ። አየሽ፣ አላት። "እማማ፣ ትናንት እጄን ይዘው ጌታን ተቀብያለሁ ብለውኛል አይደል?" አለች ዘማሪዋ። "አዎ።" አየህ፣ አለችው። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ተመላለሱባቸው። እኔ መጀመሪያ ላይ እየሳቅሁ ነበር። በኋላ የእትዬ አዎታ እየቀጠነ፣ እየተንቀጠቀጠ ሄደ፣ ሳቄም ጠፋ።

ገብቼ ላስታርቅ ነበር። ግን በሃይማኖት ጠብ መሃል የገባ ሰው ወይ ይለወጣል ወይ ይሰደባል፣ እኔ ደግሞ ለሁለቱም አቅም የለኝም። ስለዚህ የሚቀለኝን አደረግሁ። ላውንድሪው ደወልሁ። ባለቤቱ አነሳ። ለልጅቷ ንገርልኝ፣ ቤቷ ጠብ አለ አልኩት። "ጎረቤት፣ የሷ ቤት ነገር የሌለበት ቀን አለ?" ብሎ ዘጋው። መንገሩን ግን ነግሯታል። እንዴት እንደነገራት ኋላ ሰማሁ፤ "እህቴ፣ ቤትሽ ይፈልጉሻል። በዚህ በር ከወጣሽ አራተኛው ጣት እንደታጠፈ ቁጠሪው" ብሎ እጁን አሳያት። መቶ አሥረኛው አንሶላ ላይ ነበረች። ካውያውን ቁም አድርጋ ወጣች፤ ሌሎቹ ሦስቱ ቀና ብለው አላዩም፣ የሷ አንሶላ ለነሱ እንደሚከፋፈል ያውቃሉና።

ደረጃውን ስትወጣ ፊቷ እንደ እንፋሎቱ ነጭ ነበር። አላየችኝም፤ ወይም አይታኝ አለፈችኝ። ተከትያት በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ከደፉ ግን አላለፍኩም። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የልብስ ሰፊው ሜትር ደረታቸው ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ ወለሉ ላይ ይጎተታል፣ ሰማንያው ጥያቄ ጉልበታቸው ላይ ነው። ከሥራቸው ፍራሹ ርሷል፣ ወረቀቱም ከታች በኩል ርሷል። አራቱ ሰዎች እጃቸውን እያወናጨፉ በላያቸው ላይ ያወራሉ። እንኳን አስተማሪው፣ አንሶላ ትቀይር የነበረችው ሚስቱ እንኳ ባሏን እያየች አላየችም ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን አንስታ ለአስተማሪው ሰጠችው፣ ሜትሩን ፈትታ ለዘማሪዋ ሰጠቻት፣ መጋረጃውን ሳበችና እናቷን ማጠብ ጀመረች። የውሃው ድምፅ ብቻ ተሰማ። አራቱም ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ጣሪያውን እያዩ ቆሙ።

መጋረጃው ሲከፈት ዘማሪዋ ቀደመች። አንቺው ፍረጂን እህታችን፣ እናትሽ የት ናቸው፣ ከማን ጋር ናቸው፣ አለቻት። አስተማሪውም ልክ ነው አለ፣ ቤተሰብ ይናገር። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ቆየች። የሚቀላትን መልስ አሰበች መሰለኝ፤ አንዱን ወገን መርጣ ግማሽ ቀኑን እንኳ ማትረፍ ትችል ነበር። ግን የሠራ ሰው ይደክመዋል፣ የደከመው ሰው ደግሞ ሂሳብ አይሠራም።

ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ" አለች፣ አስተማሪውን በእጇ እያሳየች፣ "ይሄ ሰውዬ ባልሽ ነው?"

"አዎ" አሉ እትዬ።

"ልጅ የለሽም አይደል፣ እማዬ?"

"አዎ።"

"ሞተሻል?"

"አዎ።"

ማንም አልሳቀም። ቀጭኗ እንኳ ማልቀሷን ረሳች። አስተማሪው ወረቀቱን እንደያዘ፣ ሰማንያዎቹን ቀይ ምልክቶች ከላይ እስከ ታች ተመለከተና በጣም ቀስ ብሎ፣ "ታውቂ ነበር?" አላት።

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ትሄዳላችሁ ብዬ።"

ዘማሪዋ ሜትሩን እጇ ላይ እየጠቀለለች፣ የጌታን ቃል ሞግዚት አድርገሽ ቀጠርሽው አለቻት። ከልቧ አዝና ነው፣ ክፋት አልነበረበትም። ልጅቷም አልተቆጣችም። "ከእናንተ በቀር ያንኳኳ ሰው የለም" አለች። ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። እኔ ግን ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

ደረጃው ላይ ሲወርዱ ድምፃቸው ወደ ላይ ይመጣ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ በአንዲት ጥቅስ ያልተስማሙ ሰዎች ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርሱ ተስማሙ። አስተማሪው፣ ለሰላም ሲባል፣ ወገኖቻችን እርስ በርስ እንዳይሰናከሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኛም እናንተም ወደዚህ ቤት ባንመጣ ይሻላል አለ። ዘማሪዋ ይሄ የፍቅር ሐሳብ ነው አለችው። ቁልቁል ሳይ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቶ ጎንበስ ብላለች፣ እሱ ቦርሳዋን ይዞላት ቆሟል።

ጥቂት ቆይቶ የአስተማሪው ሚስት ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ልጅቷ ወለል ስትወለውል ነበር፤ የሴትየዋን ኮቴ ሰምታ ቀና ስትል ፊቷ እንዴት እንደበራ ምነው ባላየሁ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆመች። "ቴርሞሴን ረስቼ ነው" አለች። ልጅቷ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ሰጠቻት። ሴትየዋ ግን ቴርሞሱን ይዛ አልሄደችም፤ "እኔስ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቅ ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም ብትላት፣ "ጡረታ ከወጣ ወዲህ አዎ ያለው ሰው የለም። ደስ ብሎት ነበር" አለች። ከታች ባሏ ሲጣራ ሰማች። ወደ እትዬ አልጋ ትንሽ አየችና፣ ክዳኑን አጥብቃ ወረደች።

ያን ጊዜ ልጅቷ ወደ እኔ መጣች። "ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የደወሉት?" አለችኝ። አዎን፣ ለመልካም ብዬ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ስልኳ ላውንድሪው መሳቢያ ውስጥ ስለቀረ የእኔን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። መጀመሪያ ለወንድሟ ደወለች። መንገድ ላይ ነበር፣ የመኪናው ጥሩምባ ይሰማል። የምትለውን ጨርሶ ሰማትና ውይ፣ ውይ ካለ በኋላ፣ እሁድ ስመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን አላት። ደህና አለችው። ቀጥሎ ለባለላውንድሪው ደወለች። እሱ የአንሶላው ነገር ጨንቆታል፤ ሌሎቹ ሦስቱ አልደረሱም። ድምፁ ስለሚጮህ እኔም ሰማሁት። እስከ ሰባት ሰዓት ከመጣሽ ጣቴን እዘረጋዋለሁ፣ ሰባት ካለፈ ስልክሽን ሰው ልከሽ አስወስጂ ነው ያላት። ስልኩን መለሰችልኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

አጠገቤ ቆመች። የምትጠይቀኝን አውቄያለሁ፣ መልሴንም አዘጋጅቻለሁ። የባለሱቁ ሬዲዮ ዛሬ ማታ መድረስ አለበት። ደግሞስ ወንድ ልጅ አሮጊት ሴት እንዴት ያነሳል፣ እንዴት ይቀይራል፣ ነውር አይሆንም ወይ? እሳቸውስ ደህና ቢሆኑ ይፈቅዱ ነበር? ቀኑን ሙሉ እዚሁ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ የምውል ሰው መሆኔ ትክክል ነው፤ ግን መቀመጥና ኃላፊነት መውሰድ ለየቅል ናቸው። ይህን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ጠበቅኳት። እሷ ግን ምንም አልጠየቀችኝም። "አንድ ጊዜ ልውረድ፣ ደርሼ መጣሁ፤ ለአሥር ደቂቃ በሩን ይዩልኝ" አለችና ወረደች። አሥር ደቂቃውን በሩን አየሁ። እትዬ ልብሳቸው ተቀይሮ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው እነሱም በሩን ያዩ ነበር።

ስትመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ፈታችው። ከታች ካለው የብረታ ብረት ሱቅ የተገዛ፣ ገና ዘይቱ ያልደረቀ ማጠፊያ ያለው የበር ብረት ነው፤ ከነቁልፉ። ከውጭ የሚገጠም ዓይነት። "ብሎን መፍቻ ይኖርዎታል?" አለችኝ።

እንዴት እንደቀለለኝ አልደብቅም። ይህ የምችለው ሥራ ነው። መፍቻ ብቻ ሳይሆን መሰርሰሪያም አመጣሁ። ከብረቱ ጋር የመጡት አራት ብሎኖች ቀጫጭን ነበሩ፣ እንጨቱን አይነክሱም አልኳትና ከራሴ ቆርቆሮ ውስጥ ስድስት ወፍራም መረጥኩላት። ቦታውን ለካሁ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፣ ብሎኑ እንዳይዛግ ትንሽ ግራሶ ቀባሁት። ዋጋ ልስጥዎት ስትል ተቆጣሁ፤ ጎረቤት አይደለንም ወይ አልኳት። እሷ እዚያው ቆማ ከሾርባው በማንኪያ እያነሳች እናቷን ታጎርሳለች፤ እትዬ ይጎርሳሉ፣ የመሰርሰሪያው ድምፅ በጮኸ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ የእናቷን አገጭ በጣቷ ጠረገች።

ሲያልቅ እንሞክረው አልኳት። መሞከር ያለበት ከውስጥ ነው፤ ሰው ሲገፋው ነው ጥንካሬው የሚታወቀው። ሳህኑን አስቀመጠችና ከእናቷ ጋር ውስጥ ቀረች። በሩን ዘጋሁት፣ ብረቱን አጠፍኩት፣ ቁልፉን አንጠልጥዬ ጫንኩት፣ ጠቅ አለ።

"ግፊው እስቲ" አልኳት።

በትከሻዋ ገፋችው። በሩ አልተነቃነቀም።

"ጠንከር አድርገሽ።"

ደገመችው። አንድም ብሎን አልላላም። ከበሩ ወዲያ ትንፋሿ ይሰማል።

"ጥሩ ሆኗል ጋሼ" አለች በመጨረሻ። "አሁን ይክፈቱልኝ፣ ረፈደብኝ።"